202 ሲያልቅ፦ የዋሽንግተን አካባቢ የስልክ ኮዶች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት ተነሣ

አንድ የማውቃቸው ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራና ቡና የሚሸጥበት፣ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ሱቅ ነው። ለሱቁ ስልክ ሲያስገቡ የተሰጣቸው ቁጥር በለመድነው የዲሲ ኮድ በ202 ሳይሆን በ771 ይጀምራል። ታፔላው ላይ አስጻፉት። ካርድም አሳተሙ።

ከዚያ ጣጣው መጣ። ለደንበኛ ሲደውሉ የሚያነሳ ጠፋ። ትእዛዝ ያስመዘገበች አንዲት ሴት እንጀራዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ ሦስት ጊዜ ደውለውላት እንዳላነሳች ነገሯት። «ውይ ጋሼ፣ ስካም መስሎኝ እኮ ነው» አለቻቸው። ሌላው ደግሞ ካርዱን አገላብጦ አየና «ይሄ የየት ስቴት ቁጥር ነው?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ያሉት ከዋይት ሐውስ ብዙም ሳይርቁ ነው።

«ዲሲ ቁጭ ብዬ ስልኬ ባዕድ ሆነብኝ» አሉኝ። «202 አልቆ ነው ወይስ ለእኔ ሲሆን ነው ያለቀው?»

አልቆ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እንዴት እንዳለቀ ሲጠይቁኝ ግን አፌ ተያዘ። የዲሲ ነዋሪ ከ700 ሺህ ብዙም አይበልጥም። በአንድ ኮድ ስር ሊሰጥ የሚችለው ቁጥር ወደ 8 ሚሊዮን ይጠጋል። ለአንድ ሰው ከአሥር ቁጥር በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ታዲያ ማን በላው?

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ትልቁ የሚባለው እዚሁ ዲኤምቪ ውስጥ ነው፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው፦ ሦስት ኮድ፣ አንድ ከተማ

በ1947 የቤል ስልክ ሥርዓትን ይመራ የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካንና ካናዳን በ86 ኤሪያ ኮዶች ከፋፈለ። ደንቡ ግልጽ ነበር። ኮዱ ሦስት አሃዝ ነው። አንድ ኮድ የበቃው ስቴት መካከለኛው አሃዝ 0 ይሆንለታል። ከአንድ በላይ ያስፈለገው ደግሞ 1 ያገኛል። ዲሲ 202 ደረሳት። ሜሪላንድ በሙሉ 301፣ ቨርጂኒያ በሙሉ 703 ሆኑ። ሦስቱም መሐላቸው ዜሮ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮድ በቅቷቸው ነበር ማለት ነው።

የመካከለኛው አሃዝ ነገር ለጌጥ አልነበረም። የዚያን ዘመን የስልክ ማዞሪያ መሣሪያ የሚመጣለትን አሃዝ ተራ በተራ ነው የሚሰማው። ሁለተኛው አሃዝ 0 ወይም 1 ከሆነ ኤሪያ ኮድ መሆኑን ያውቃል። ከ2 እስከ 9 ከሆነ የሰፈር ስልክ ነው። ይህን ደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ ችግር የሚፈጥረው እሱ ነው።

በጣት እያዞሩ የሚደውሉበትን ስልክ የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። 1ን ስታዞር አንድ ምት፣ 9ን ስታዞር ዘጠኝ ምት፣ 0ን ስታዞር አሥር ምት ይወጣል። ስለዚህ የኒውዮርኩ 212 በአምስት ምት ያልቃል። የቺካጎው 312 ስድስት ነው። 202 ግን 14 ምት ይፈጃል፣ 703 ደግሞ 20። ዋና ከተማዋ ከኒውዮርክ ሦስት እጥፍ ገደማ ታስጠብቃለች። አገሪቱ የምትመራው ከዋሽንግተን ቢሆንም ስልክ የሚበዛው ኒውዮርክ ነው፤ መሐንዲሶቹ ያዩት ብዛቱን ነው።

መጀመሪያ ላይ በእነዚህ ኮዶች የሚጠቀሙት የማዞሪያ ሠራተኞች ነበሩ። ተራው ሰው ራሱ ደውሎ በኤሪያ ኮድ ሩቅ አገር የተገናኘው በኅዳር 1951 ነው። ከኒውጀርሲዋ ኤንግልዉድ ወደ ካሊፎርኒያዋ አላሚዳ፣ ከንቲባ ለከንቲባ ተደዋወሉ።

የዋሽንግተን ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ በወረቀት ሦስት ናት፣ በኑሮ አንድ። ሰው ቨርጂኒያ አርሊንግተን ያድራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ ዘመዱ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፔንታጎን ራሱ ያለው ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የስልክ ኩባንያው አንድ መላ ዘረጋ። በሦስቱ ኮዶች መካከል የአካባቢ ጥሪ ሲደረግ ሰባት አሃዝ ብቻ ይበቃል። አርሊንግተን ያለው ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደውል 301 አይልም፤ ቁጥሩን ብቻ። ከሩቅ የሚደውል ሰውም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ዳርቻዎችን በ202 ማግኘት ይችላል። በሌላ አነጋገር 202 የዲሲ ብቻ አልነበረም። የአካባቢው ሁሉ ኮድ ነበር።

መላው እንዲሠራ አንድ ግዴታ አለ። ከሰባቱ አሃዝ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም የማዞሪያ ጣቢያው መነሻ፣ በአካባቢው ውስጥ መደገም የለባቸውም። ይህ ግዴታ ከለላ ይባላል። አንድ መነሻ ለዲሲ ከተሰጠ ለአርሊንግተንም ለሲልቨር ስፕሪንግም አይሰጥም። ከተደገመ ማሽኑ የትኛው እንደተፈለገ አያውቅም። ይህን ለማስከበር ከባድ አልነበረም፤ ቼሳፒክ ኤንድ ፖቶማክ የሚባለው የቤል ኩባንያ በሦስቱም በኩል ይሠራ ስለነበር ቁጥሩን የሚያድለው አንድ እጅ ነው።

ችግሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። በቀድሞው ደንብ የመነሻው የመጀመሪያ አሃዝ ከ2 እስከ 9 ነው፣ ሁለተኛውም ከ2 እስከ 9፣ ሦስተኛው ማንኛውም። 8 ጊዜ 8 ጊዜ 10፣ 640 መነሻ። እያንዳንዱ መነሻ 10,000 ቁጥር ይይዛል። በድምሩ 6.4 ሚሊዮን። በኋላ የሁለተኛው አሃዝ ገደብ ሲላላ መነሻው ወደ 792፣ ቁጥሩም ወደ 7.92 ሚሊዮን ከፍ ይላል።

ለአንድ ኮድ ይህ ብዙ ነው። እዚህ ግን ሦስት ኮዶች ከአንድ ማሰሮ ነበር የሚቀዱት። በስም ሦስት ጎተራ አለ፤ በተግባር ግን ሁሉም የሚበላው ከአንዱ ነው።

ከዚያ የሚበላው በዛ። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ፈለሰ። መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉት። በ1980ዎቹ ፋክስ መጣ፤ ፋክስ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ፔጀር መጣ፣ የመኪና ስልክ መጣ፣ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በስልክ መስመር ማገናኘት መጣ። አንድ ቢሮ ውስጥ ሃያ ሰው ቢኖር አርባ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

እና እዚህ ላይ ነው የባለሱቁ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው። ቁጥር ለኩባንያ የሚሰጠው በፍሬ አልነበረም፤ በጆንያ ነው። አንድ ጆንያ 10,000 ቁጥር። ደንበኛህ 300 ብቻ ቢሆንም የምትወስደው 10,000 ነው። የቀረው 9,700 ማንም አይነካውም። ተይዟል። ኩባንያው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ያን ያህል አልጎዳም። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የአካባቢ ስልክን ለውድድር ሲከፍት ግን እያንዳንዱ አዲስ ገቢ በየቀጠናው የራሱን ጆንያ መጠየቅ ጀመረ። ሞባይሉም እንዲሁ። ቁጥሩ ሰው ሳይደርሰው አለቀ።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ከለላውን ማንሣት (1990)

ኦክቶበር 1 ቀን 1990 የ202 ከለላ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአካባቢ ጥሪ የኮድ ድንበር ከተሻገረ ኤሪያ ኮዱም መደወል ነበረበት። አሥር አሃዝ። 202ም ወደ ዲሲ ተመልሶ ገባ። ፔንታጎንና ቨርጂኒያ ያሉ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በ703 መጠራታቸው ግድ ሆነ።

በዚህ እርምጃ የማንም ሰባት አሃዝ አልተለወጠም። አዲስ ኮድም አልተፈጠረም። ሦስቱ ማሰሮዎች ተለያዩ፣ በቃ። ያው መነሻ በሦስቱም ቦታ እንደገና ሊሰጥ ቻለ። ከአራቱ እርምጃዎች ርካሹ ይህ ይመስለኛል።

ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። ሰው አሥር አሃዝ መደወልን ከሩቅ ጥሪ ጋር ነው የሚያያይዘው። «አሥር ከደወልኩ ሊያስከፍሉኝ ነው» የሚል ፍርሃት ነበር። የአካባቢ ጥሪ ግን በስንትም አሃዝ ይደወል የአካባቢ ጥሪ ነው፤ ሒሳቡ አይለወጥም። ይህን ደጋግሞ ማስረዳት አስፈልጓል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2021 የወጡት ማስታወቂያዎችም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘው ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ሜሪላንድን መክፈል (1991)

ከለላው መነሣቱ ለሜሪላንድ አልበቃትም። 301 በ1991 ለሁለት ተከፈለ። ባልቲሞርና የስቴቱ ምሥራቃዊ ክፍል 410 ተሰጣቸው። የዋሽንግተን ዳርቻዎችና ምዕራብ ሜሪላንድ 301ን ይዘው ቀሩ። ከኦክቶበር 1991 እስከ ኅዳር 1992 ድረስ ሁለቱም ኮድ ያስገናኝ ነበር፤ ሰው እንዲለምድ።

ልማዱ ትልቁ ከተማ የድሮውን ኮድ ይዞ እንዲቀጥል ነው። የሜሪላንድ ትልቁ ከተማ ባልቲሞር ነው። ይሁንና የለወጠው ባልቲሞር ሆነ። ለዚህ የሚጠቀሰው ምክንያት በዋሽንግተን ዳርቻ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብዛት ነው፤ ያን ሁሉ ቁጥር መለወጥ ከባድ ወጪ ነበር። ባልቲሞሮች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። እንግዳ ሲመጣ አልጋውን የሚለቅ የቤት ልጅ ዓይነት ነገር ነው።

መክፈል የሚባለው መድኃኒት ዋጋው ይህ ነው። ግማሹ ሰው ይለውጣል። ታፔላ ይቀየራል፣ ካርድ ይጣላል፣ የመኪና ጎን ላይ የተጻፈው ይፋቃል። ግማሹ ደግሞ ምንም አይነካውም። ፍትሐዊ አይደለም። በምትኩ ካርታው ንጹሕ ይሆናል፤ ኮዱን አይተህ ቦታውን ታውቃለህ።

ትልቁ ውድቀት ግን ዕድሜው ነው። መክፈሉ ተሠርቶ አምስት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ክፍል እንደገና ሊያልቅ መሆኑ ታወቀ። የዚያን ጊዜ ሜሪላንድ ሌላ መንገድ መረጠች።

በ1997 በ301 ላይ 240፣ በ410 ላይ 443 ተደረበ። አዲሱ ኮድ የራሱ መሬት የለውም። አንድ ሕንፃ ውስጥ አንዱ ቤት 301፣ ጎረቤቱ 240 ሊሆን ይችላል። ነባር ደንበኛ ምንም አይለውጥም። ዋጋው ለሁሉም እኩል ተከፋፈለ፤ ጎረቤትም ጋ ቢሆን አሥር አሃዝ መደወል ግዴታ ሆነ።

እዚህ ጋ ስለዚያ መካከለኛ አሃዝ ላንሣ። እስከ 1994 መጨረሻ ድረስ የኤሪያ ኮድ መካከል 0 ወይም 1 ብቻ ነበር። በዚያ ደንብ የሚሰጥ ኮድ ጨርሶ ስላለቀ በጥር 1995 ማንኛውም አሃዝ ተፈቀደ። 410 የድሮው ዘመን ልጅ ነው፤ 240ና 443 የአዲሱ። አንድ ጣጣም ይዞ መጣ። በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩ የቆዩ የውስጥ ማዞሪያዎች መካከሉ 0 ወይም 1 ያልሆነን ኮድ ኮድ ነው ብለው አይቀበሉም። ቁጥሩ በትክክል ተደውሎ ጥሪው ከቢሮው ሳይወጣ ይቀራል። ጥፋቱ ከደዋዩም ከተደወለለትም አይደለም። መሐል ላይ ያለ፣ ማንም ያላስታወሰው ሳጥን ነው።

ሦስተኛው፦ ቨርጂኒያ

የቨርጂኒያው ታሪክ ይመሳሰላልና አላረዝመውም። በ1973 ሪችመንድንና ምሥራቁን ይዞ 804 ተገንጥሎ ወጣ። በ1995 ምዕራቡ 540 ሆኖ ሄደ። ለ703 የቀረው ሰሜን ቨርጂኒያ ብቻ ነው፤ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስና አካባቢው። አንድ ስቴት ሙሉ የነበረ ኮድ ጥግ ይዞ ቀረ። እሱም ስላልበቃ በማርች 2000 571 ተደረበበት።

አራተኛው፦ 202ን ማቆየት

ዙሪያዋ ሁሉ ሲከፈልና ሲደረብ ዲሲ በአንድ ኮድ ቀጠለች። ሰባት አሃዝ መደወልም ቀጠለ። ዋናው ምክንያት የማይታይ ሥራ ነው። ከ2000 ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቁጥር በ10,000 ጆንያ ሳይሆን በ1,000 እንዲታደል አዘዘ። ኩባንያዎችም ያልነኩትን እንዲመልሱ ተደረገ። ያ 300 ደንበኛ ያለው ኩባንያ አሁን አንድ ሺህ ይወስዳል፣ ዘጠኙ ሺህ ለሌላ ይተርፋል። ጆንያው ወደ ቁና ወረደ በሉት።

ታፔላ አልተቀየረም። ማንም ሰው ምንም አላወቀም። 202 ግን ለሃያ ዓመት ያህል ዕድሜ ገዛ።

እንዲያም ሆኖ አለቀ። የዲሲ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን 771 እንዲደረብ ወሰነ። ከ2021 ጸደይ ጀምሮ ሰው አሥር አሃዝ እንዲለምድ ተጠየቀ፤ ሰባትም ይሠራ ነበር። ኦክቶበር 9 አሥሩ ግዴታ ሆነ። ኖቬምበር 9 ቀን 2021 771 ሥራ ላይ ዋለ። 202 ብቻውን የቆየው 74 ዓመት ነው።

ሜሪላንድም አላረፈችም። በጁን 2023 በ301ና በ240 ላይ ሦስተኛ ኮድ መጣ፤ 227። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፎቅ ላይ ሦስት ዓይነት ኮድ ሊገኝ ይችላል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ቁጥር ከማብዛት አንጻር ሁሉም ሠርተዋል። የስልክ ቁጥር አጥቶ የቀረ ሰው አልሰማሁም። ልዩነቱ ወጪው በማን ላይ እንደወደቀና ስንት ዓመት እንደቆየ ነው።

የሚለምዱበት ጊዜ መስጠቱ ሠርቷል። ለወራት ሁለቱም አደዋወል እንዲሠራ ማድረግ፣ ከዚያ የተሳሳተውን «ኤሪያ ኮዱን ጨምረው ይደውሉ» በሚል የተቀዳ ድምፅ መመለስ። ሰው በአንድ ሳምንት ይለምዳል።

ማሽን ግን አይለምድም። ይህን ደጋግሜ ያየሁት ነው። የሱቅ አላርም ሌባ ሲገባ ወደ ተቆጣጣሪው ይደውላል፤ ቁጥሩ በሰባት አሃዝ ከተሞላ ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን የምታውቀው ከተሰረቅህ በኋላ ነው። የአፓርታማ በር ላይ ያለው መጥሪያ፣ ፋክሱ፣ ጥሪ የሚያስተላልፈው መስመር፣ የአረጋውያን የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ማስታወቂያዎቹ ይህን ዘርዝረው አስጠንቅቀዋል። በአማርኛ ተጽፎ በየሱቁ ቢለጠፍ ግን የተሻለ ነበር ባይ ነኝ፤ ብዙ ባለሱቅ ከስልክ ኩባንያ የመጣን ወረቀት የሚያየው ክፍያ መስሎት ነው።

ያልሠራው ደግሞ ካርታው ነው። ኤሪያ ኮድ ቦታን ይናገራል የሚለው ነገር ፈርሷል። ያፈረሰው መደረቡ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2003 የሞባይል ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቁጥሩን አይጥልም። በ1990ዎቹ ዲሲ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ተከራይቶ 202 ያወጣ ሰው ዛሬ ቤት ገዝቶ ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ይኖራል። 202ን ይዞት ሄዷል። አዲስ መጥቶ ዲሲ የሚኖረው ልጅ ግን 771 ነው። ነባሩ ከከተማው ወጥቶ የከተማውን ኮድ ይዟል፤ ከተማው ውስጥ ያለው ደግሞ እንግዳ መስሏል።

የመታወቂያ ነገርም አለ። 202 የዋይት ሐውስ ኮድ ነው፣ የኮንግረስ ነው፣ የኤምባሲዎች ነው። የሕግ ቢሮ በ202 ቢጠራ ይወዳል። 771 ይህን ስም የለውም። ገና ልጅ ነው። በዚያ ላይ የወጣው አጭበርባሪ ደዋይ በበዛበት፣ ሰው የማያውቀውን ኮድ ማንሣት ባቆመበት ዘመን ነው። 240 በ1997 ሲመጣ ይህ ችግር አልነበረም። ስልክ ሲጮህ ሰው ያነሳ ነበር። ያው መድኃኒት በሌላ ዘመን ሌላ የጎን ጉዳት አመጣ።

ከዚህ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ቦታ ይሆናሉ የምላቸው ነገሮች አሉ። አንዱ፣ ዕቃ አለቀ ሲባል መጀመሪያ አከፋፈሉን ማየት ነው። በዲሲ ያለቀው ቁጥሩ አልነበረም። በየጆንያው ተቋጥሮ የተቀመጠው ነው። ጆንያውን ማሳነስ ከአዲስ ኮድ በፊት መምጣት ነበረበት፤ በሜሪላንድ በኋላ መጣ፣ በዲሲ በፊት። ልዩነቱን የ1997ና የ2021 ቀኖች ይናገራሉ።

ሁለተኛው፣ ትንሽ ሸክም ለሁሉም ማካፈል ከባድ ሸክም ለግማሹ ከማሸከም ይሻላል። አሜሪካም ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ደርሳለች። አንድን ኮድ በመሬት መክፈል ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2007 ኒውሜክሲኮ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይደረባል። እኔ ግን ካርታው ይናፍቀኛል። በየስልክ ማውጫው 703 አይቶ «አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው» ማለት ደስ ይል ነበር።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ይኸው ጥያቄ ሲመጣባት ሌላ መልስ መረጠች። በመስከረም 1998 በእኛ አቆጣጠር፣ ቁጥሩን ራሱን አስረዘመችው። 01 የነበረው ኮድ 011 ሆነ። ስድስት አሃዝ የነበረው ሰባት ሆነ። በ51 ይጀምር የነበረው 551፣ በ61 ይጀምር የነበረው 661። ሞባይሉም 09 ብቻ የነበረው 0911 ሆነ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ለወጠ፣ ግን በደንብ ስለሆነ የድሮውን የሚያውቅ አዲሱን መገመት ይችል ነበር።

ዋሽንግተን ይህን ማድረግ አትችልም። አሥሩ አሃዝ የእሷ ብቻ አይደለም። ካናዳና ብዙ የካሪቢያን አገሮችም በዚያው ሥርዓት ውስጥ ናቸው። አንድ አሃዝ ለመጨመር ሁሉም መስማማት አለበት፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ መነካት አለበት። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበራት፤ ተወሰነ፣ ተደረገ። ዋሽንግተንም በአንድ ኩባንያ ዘመን ያንን የሰባት አሃዝ መላ እንደዘረጋችው ማለት ነው። አንድ እጅ ሲያድል መወሰን ይቀላል። ምርጫ ሲመጣ ቁጥር ማስተዳደር የራሱ ሥራ ይሆናል። በ2022 ሁለተኛ ኩባንያ አገር ቤት ሲገባ ቁጥሩ በ07 እንዲጀምር የተደረገው የዚያ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

እና 0911 ምን እንደሆነ እናውቃለን። አዲስ አበባ ላይ 0911 ያለው ሰው ሳይጠየቅ የቆየ ደንበኛ መሆኑን ይናገራል። ነጋዴ ቁጥሩን አይለቅም። 202ም ያው ነው። ስለዚህ የቁጥር ለውጥ የሚያቅድ ሰው ሒሳቡን ብቻ ይዞ ከገባ ይሳሳታል። ሰው የሚይዘው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ የሚናገርለትን ነው።

ለአዲስ ባለቢዝነስ የምመክረው ተግባራዊ ነገር አለ። የሚሰጥህን ኮድ ምረጥ ብትባል የቆየውን ምረጥ፤ ካልተገኘ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ለደንበኞችህ ከሱቁ ስልክ አጭር መልእክት ላክ፣ ስሙን አስመዝግበው ይያዙት። አላርምህንና የበር መጥሪያህን ራስህ ደውለህ ሞክር። ታፔላ ላይ ሁልጊዜ አሥሩንም አሃዝ አስጽፍ። ዲሲ ውስጥ ሰባት አሃዝ ብቻ የተጻፈባቸው የቆዩ ታፔላዎች ዛሬም አሉ፤ ባለቤቶቹ የ202 ሰዎች መሆናቸውን ከዕድሜያቸው ትገምታለህ።

የባለሱቁ መጨረሻ

ባለሱቁ ሃያ ዓመት የያዙት በ202 የሚጀምር ሞባይል ነበራቸው። ያንን ቁጥር ወደ ሱቁ መስመር አዛወሩት። 771ን ደግሞ ለራሳቸው ሞባይል ወሰዱ። ታፔላው ተፍቆ እንደገና ተጻፈ፣ ካርዱም እንደገና ታተመ። ደንበኛ ማንሣት ጀመረ።

ወጪው ወደ ራሳቸው ዞረ። ልጆቻቸው፣ ዕድርተኞቹ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሐኪማቸው፣ ባንካቸው፣ ሁሉም አዲሱን ቁጥር መስማት ነበረበት። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ ወደ ድሮው ቁጥር እየላከ አንድ ወር ያህል ሱቁ ውስጥ ያለው ስልክ ያቃጭል ነበር። አዲስ አበባ ያሉት እኅታቸው ብቻ ምንም አልመሰላቸውም። እሳቸው ጋ ሁሉም ከ001 በኋላ የሚመጣ ረጅም ቁጥር ነው። አዲሱን ሲነገራቸው እስክሪብቶ ፈልገው መጡና «በል ቀስ ብለህ ንገረኝ» አሉ።